የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የጎደለው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

 ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ ስለ መቁጠር እናወራለን። ወሬያችንን ከሰማይ እንጀምረው።

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች የተነሱ አዳኝ አሞራዎች ብርዱን ሸሽተው ወደ አህጉራችን ይመጣሉ። ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ጥንብ አንሳዎች ናቸው። ብዙዎቹ የዓረብን ምድር ከጫፍ ጫፍ አቋርጠው የመን ይደርሳሉ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ባህር ይገጥማቸዋል።

እነዚህ ትልልቅ አሞራዎች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ አይሄዱም፣ ያደክማቸዋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይነሳል። እነሱም ክንፋቸውን ዘርግተው በዚያ አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ በቂ ከፍታ ሲይዙ ደግሞ እየተንሸራተቱ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሌላ ሞቃት አየር ያገኙና እንደገና ይወጣሉ። ባህር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ያ ቦታ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ባብ አልመንደብ ነው። ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙ በዓረብኛ የለቅሶ በር እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1987፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ፣ ጥቂት የወፍ ተመልካቾች በጅቡቲ በኩል ቆመው እነዚህን አሞራዎች ቆጠሩ። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የቆዩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ246,000 በላይ አዳኝ አሞራዎች ከየመን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ መዘገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ከ76,000 በላይ የሚሆኑት ስቴፕ የሚባለው ትልቁ ቡናማ ንስር ነበሩ። በጆርጂያ አገር ባቱሚ በምትባለው የጥቁር ባህር ከተማ አጠገብ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ ጀምሮ በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ቆጠራ ይካሄዳል። በአንድ ወቅት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተቆጠረበት ጊዜ አለ።

ሱብሃነላህ! ይህ ሁሉ ፍጥረት በላያችን ያልፋል፤ እኛ ግን ቀና ብለን የምናየው ስንቴ ነው? አላህ በሱረቱል ሙልክ አንቀጽ 19 ላይ ከበላያችን ክንፎቻቸውን ዘርግተው የሚያጥፉትን አእዋፍ አላያችሁምን ብሎ ይጠይቀናል። የሚይዛቸው እርሱ አር-ረህማን ብቻ መሆኑንም ይነግረናል። ንስሩን የሚያነሳው ሞቃት አየር መሆኑን ማወቃችን ይህንን አያስቀረውም። ፀሐይዋን ያደረገ፣ መሬቱን ያሞቀ፣ ክንፉን በልክ የቀረጸ እርሱ ነው። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 38 ደግሞ በምድር የሚሄድ እንስሳም ሆነ በክንፎቹ የሚበር ወፍ ሁሉ እንደ እኛው ኡመት መሆኑን ይገልጽልናል።

አሁን ስለ ቆጣሪዎቹ ትንሽ እንበል። ሥራቸው አማና ያለበት ሥራ ነውና።

ቆጣሪው ማለዳ ኮረብታ ላይ ይወጣል። አጉሊ መነጽር አለው፤ በእጁ ጠቅ ባደረገው ቁጥር አንድ የሚጨምር ትንሽ መቁጠሪያ ይይዛል፤ ብዙዎቻችን ለዚክር የምንይዘውን ዓይነት። ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ሰዓታት ባዶ ሰማይ ያያል። ከዚያ በድንገት መቶዎች አብረው ይመጣሉ። አንዱን ሁለቴ እንዳይቆጥር ይጠነቀቃል። ያላየውን አይጽፍም። አይቶ ምንነቱን ካልለየው ደግሞ ንስር ይመስለኛል ብሎ ንስር ውስጥ አይደምረውም፤ ያልተለየ በሚለው ረድፍ ላይ ያሰፍረዋል። አላህ በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል፤ መስሚያም ማያም ልብም ሁሉም ተጠያቂ ናቸው። እኛ በሰው ስም ላይ ሰማሁ፣ መሰለኝ፣ ተባለ እያልን ስንት ነገር እንደምንጨምር አስቡት። ሰው ለአሞራ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ለሙእሚን ወንድማችን ክብር ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ነበር!

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድነው? አሞራዎቹ ተቆጠሩም አልተቆጠሩም ያልፋሉ። ቆጠራው የሚጠቅመው የጎደለውን ለማወቅ ነው። የሚመጣው ከዓመት ዓመት እያነሰ ከሄደ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ገጥሟቸው ሊሆን ይችላል። ያልተቆጠረ ነገር ቢጠፋ ማንም አያውቅም።

ይህንን ቁርኣን ቀድሞ አስተምሮናል። በሱረቱ ነምል ነብዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) አእዋፍን እንደ ተመለከቱ፣ ሁድሁድን እንዳጡትና የት እንዳለ እንደ ጠየቁ ተነግሮናል። ጂንና ሰው፣ ነፋስም ጭምር የተገራላቸው ንጉሥ ናቸው። በዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል አንዲት ትንሽ ወፍ ብትጎድል ማን ልብ ይላል? እርሳቸው ግን ልብ አሉ። ዑለማዎች ከዚህ አያ መሪ የሆነ ሰው የሚመራቸውን፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ መከታተል እንዳለበት ትምህርት ወስደዋል። ሁድሁድም ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ ከሰበእ ምድር፣ ከየመን፣ እርግጠኛ ወሬ ይዞ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬም ከየመን ወሬ ይመጣል። ልባችን ግን የለመደው ይመስለኛል።

አሞራዎቹ ከየመን ወደ እኛ በሚሻገሩበት በዚያው ባብ አልመንደብ፣ ልጆቻችን ከእኛ ወደ የመን ይሻገራሉ። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ የተነሱ ናቸው። የአፋርን በረሃና የጅቡቲን ድንጋያማ ሜዳ በእግራቸው ያቋርጣሉ፣ ኦቦክ አካባቢ ካለው ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ላይ ይታጨቃሉ። ሐሳባቸው ሳዑዲ ገብተው ሠርተው እናታቸውን ማሳረፍ ነው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደ መዘገበው፣ እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ የመን ገብተዋል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ይህ ቁጥር የደረሱት ነው። ያልደረሱትስ?

በመስከረም 2017 ዓ.ም፣ አሞራዎቹ መሻገር በሚጀምሩበት ወቅት፣ 310 ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ ነበር። ከባህር ዳርቻው ሳይደርሱ አሻጋሪዎቹ ውረዱ ብለው ውሃው ውስጥ አስገቧቸው። ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ያልተገኙ ተብለው ተመዘገቡ። ባህሩ የሰጠውን ቆጥረን የወሰደውን በግምት ጻፍነው። ከአንዳንዱ ጀልባ ደግሞ መስመጡን የሚናገር እንኳ አይተርፍም።

አንድ ቤት ውስጥ ያልተገኘ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እናት ለቅሶ አትቀመጥ፣ ልጄ ሞቷል ብላ አልቆረጠች። ደስ አይላት፣ ድምፁን አልሰማች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ዒድ ሲመጣ ልብሱን አውጥታ አጥባ ትመልሳለች። እኛ ደግሞ ወሬ አለ ወይ ብለን መጠየቅ ከተውን ቆየን።

የወፎቹን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ልብ የሚነካ ነገር ደርሰውበታል። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ነጭ አሞራ ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ተነስቶ ክረምቱን የሚያሳልፈው ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ነው። በጀርባቸው ላይ ትንሽ መከታተያ መሣሪያ ታስሮላቸው ጉዟቸው ሲታይ፣ ትልልቆቹ ባህሩን ዞረው በቱርክ በኩል በየብስ ይመጣሉ። በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣቶች ግን መንገድ የሚያሳያቸው ትልቅ ካላገኙ አንዳንዶቹ የሜዲትራኒያንን ሰፊ ውሃ በቀጥታ ይገቡበታል። ብዙዎቹም እዚያው ይሰምጣሉ። ክንፋቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። የሚከተሉት አጥተው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ልጁ ባህር ገባ ስንል እንፈርድበታለን፤ ምን አጣና ነው እንላለን። ከመሄዱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ማን ነበር? አባት ዝም ብሎ ነበር፣ አጎት ለደላላው ግማሹን ከፍሎ ነበር፣ ጎረቤት የእነ እገሌ ልጅ ቤት አሠራ እያለ ያነጻጽር ነበር። መስጂዳችን ውስጥ በየጁሙዓው ከኋላ ሶፍ ይሰግድ የነበረውን ያንን ወጣት ሰላም ብለን ሥራ አለህ ወይ ያልነው ስንት ነን?

አንዳንዱ ልጅ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ብሎ ጀልባው ላይ ይወጣል። እውነት ነው፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ላይ ተገቢውን ተወኩል ብናደርግ፣ ጠዋት ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው የሚገቡትን ወፎች እንደሚመግብ እኛንም እንደሚመግበን ነግረውናል። ግን ልብ በሉ፣ ያቺ ወፍ ጎጆዋ ውስጥ አልተቀመጠችም፣ ወጥታለች። ደግሞም ዓይኗን ጨፍና አልወጣችም። ንስሩ ባህሩ የሚጠብበትን ይፈልጋል፣ አየሩ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ሰበቡን ያደርሳል ማለት ነው። ተወኩል ይህ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 195 በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አስጠንቅቆናል። ይህ አያ የሚመለከተው ልጁን ብቻ አይደለም። በብድር የላከውንም፣ በኮሚሽን ያሻገረውንም ይመለከታል።

ዲናችን ሰውን በስሙ የሚያውቅ ዲን ነው። የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ እኛው አገር ነበር፤ የተሻገሩትም ይህንኑ ቀይ ባህር ነው። አስራ አምስት ገደማ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። የሲራ ጸሐፊዎች ተሻገሩ ብለው ብቻ አላለፉም። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ባለቤቱ እገሊት፣ እያሉ በስም ዘርዝረው አቆዩልን። ይኸው ከ1,400 ዓመታት በኋላ ዑስማንና ሩቀያ (ረ.ዐ) በዚያ ጀልባ ላይ እንደነበሩ እናውቃለን።

መዲና ላይ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም የሆኑትን ሰዎች ጻፉልኝ ብለው አዘዙ፤ 1,500 ወንዶች እንደተጻፉ ሁዘይፋ (ረ.ዐ) አውርተዋል፣ ቡኻሪ ዘግበውታል። ቆጠራው ለወግ አልነበረም። መስጂድ ትጠርግ የነበረችን አንዲት ሴት አላዩአትምና ጠየቁ። ሞታለች ተባሉ። ሰዎቹ ነገሩን ቀላል አድርገውት ሳይነግሯቸው ቀብረዋት ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፤ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ከተማ የሚያስተዳድሩ፣ ወህይ የሚወርድላቸው፣ ጦር የሚመሩ ሰው ናቸው። የጠራጊዋን መጉደል ግን አስተውለዋል። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ስለ ሁድሁድ እንደ ጠየቁት ማለት ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ከናሃወንድ ዘመቻ መልዕክተኛ ሲመጣ የተሰዉትን ጠየቁ። መልዕክተኛው የታወቁትን በስም ቆጠረና፣ ሌሎችም እርስዎ የማያውቋቸው ሰዎች አሉ አላቸው። ዑመር አለቀሱ። ዑመር ባያውቃቸው ምን ይጎዳቸዋል፣ አላህ ያውቃቸዋል የሚል ነበር ንግግራቸው። ዑመር ግን አላህ ያውቃቸዋል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። መዝገብ ያስጀመሩ፣ የሕዝቡን ስም አስጽፈው ለየሰው ድርሻውን የመደቡ እርሳቸው ናቸው። አቅማቸው የቻለውን ቆጠሩ፤ ከአቅማቸው በላይ ለሆነው አለቀሱና ለአላህ ሰጡ።

እኛስ ከአቅማችን በታች ያለውን መች ጨረስነው?

በዚህ ሳምንት ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከቤተሰባችንና ከጎረቤታችን የወጡትን በስም እንቁጠር። ማን ሄደ? መቼ ሄደ? ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከየት ነው? ሪያድ ወይም ጅዳ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከየመን በኩል የገባ ልጅ ስታገኙ ቤትህ ደውለሃል ወይ በሉት፤ ስልካችሁን ስጡት። አንድ ደቂቃ ጥሪ የአንዲትን እናት የዓመታት ሌሊት ታሳርፋለች።

ሁለተኛ፣ በየመስጂዱ ጀመዓው መዝገብ ይያዝ። የልጁ ስም እስከ አያት፣ የወጣበት ቀን፣ አብረውት የሄዱት፣ የሚታወቅበት ምልክት ይጻፍ። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችን ይዘን ሄደን እናስመዝግብላቸው። ይህ ከሶደቃ ይቆጠራል ኢንሻአላህ።

ሦስተኛ፣ ሀብት ያላችሁ ሰዎች፣ አላህ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳውንና መንገደኛውን ቆጥሯል። ለደላላ በተከፈለ፣ ለማስለቀቂያ በተላከ ገንዘብ ዕዳ ውስጥ ሰምጠው መሬታቸውን ያስያዙ ቤተሰቦች በየመንደሩ አሉ። የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁና ድርሻቸውን አድርሱ። ባዶ እጁን ለተመለሰውም ልጅ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። እንደገና ወደ ባህሩ የሚመልሰው የእኛ ዓይን ነው።

አራተኛ፣ ይህን የሚያነብ ደላላ ካለ፣ ወንድሜ፣ በአንድ ራስ ስንት እንደምታገኝ ታውቃለህ። እንግዲያው ያሻገርካቸውን ቁጠራቸው። በሕይወት የደረሱትን ሳይሆን ያልደረሱትን ቁጠር። ዛሬ መቁጠር ካቃተህ ነገ የሚቆጠርበት ቀን አለ። የተውባ በር ገና አልተዘጋም፤ ሐቃቸውን ግን ለባለቤቱ መመለስ አለብህ።

አምስተኛ፣ ራሳችንን እንቁጠር። ዑመር (ረ.ዐ) ሳትመረመሩ በፊት ራሳችሁን መርምሩ ይሉ ነበር። ስንት ሰው ወደደልኝ፣ ስንት ሰው አየልኝ የሚለውን በየሰዓቱ እንቆጥራለን። ዛሬ ከሶፋችን የጎደለው ማን እንደሆነ ግን አናውቅም። ዛሬ ጁሙዓ ከሰገድን በኋላ ወዲያው ጫማችንን አንፈልግ። ግራና ቀኛችንን እንይ። ሁልጊዜ እዚህ የሚቀመጠው ሽማግሌ የታለ? ያ ወጣትስ?

ወንድሞችና እህቶች፣ በኮረብታው ላይ ያሉት ቆጣሪዎች የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ብዙ ያመልጣቸዋል። አንዳንዱ ከደመና በላይ ያልፋል፣ አንዳንዱ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ያልተለየ የሚለው ረድፋቸውም አይጠፋም። የሰው ቆጠራ ይኸው ነው። አላህ ግን በሱረቱ መርየም መጨረሻ አካባቢ፣ በሰማያትና በምድር ያለው ሁሉ ወደ እርሱ ባሪያ ሆኖ እንደሚመጣ፣ እርሱም ሁሉንም እንዳወቀና አንድ በአንድ እንደቆጠራቸው፣ እያንዳንዱም በትንሣኤ ቀን ብቻውን እንደሚመጣ ነግሮናል። በእርሱ መዝገብ ያልተለየ የሚባል የለም። ባህር ውስጥ የቀረውን የእገሊትን ልጅ በስሙ ያውቀዋል፤ የት እንዳረፈም ያውቃል። ለእናቱ መጽናኛዋ ይህ ነው። እኔና እናንተ ደግሞ ወንድማችሁ ሲጎድል የት ነበራችሁ ተብለን የምንጠየቅበት ነው።

በዚህ ወቅት ከቤታችሁ ስትወጡ ቀና በሉ። አንድ ንስር ክንፉን ዘርግቶ በከፍታ ሲያልፍ ካያችሁ ሱብሃነላህ በሉ። በየትኛው ባህር ላይ እንደመጣ አስታውሱ። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ለአንድ ሰው ደውሉ።

ያ አላህ፣ በባህርና በበረሃ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅልን። በየእስር ቤቱና በየአጋቹ እጅ ያሉትን አስፈታልን። ያልተገኙትን በሕይወት ካሉ በሰላም መልስልን፣ ወደ አንተ ከመጡም በራህመትህ ተቀበላቸው፣ የሸሂድን ደረጃ ስጣቸው። የእናቶቻቸውን ልብ ሶብር አልብሰው። አገራችንን ሰላም አድርግልን፣ ወጣቶቻችንን በአገራቸው ሐላል ሪዝቅ አብቃቸው። እኛንም የጎደለውን የምናይበት ዓይን፣ የምንፈልግበት እግር፣ የምንራራበት ልብ ስጠን። አሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰላዋት ማብዛቱን፣ ሱረቱል ከህፍን መቅራቱንም አንርሳ። ለሌሎችም አድርሱት።

ጁሙዓ ሙባረክ።